የግፊት ኪኒንና የእባብ መርዝ፡ ወሬው ምን ያህሉ እውነት ነው?

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ስለ ግፊትና ስኳር ሳይወራ ረከቦት አይነሳም። ሰሞኑን ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ያከራከረን ግን ለየት ያለ ነው፣ «የግፊት ኪኒን የሚሰራው ከእባብ መርዝ ነው» የሚል። አንዲት እትዬ ልጃቸው ቲክቶክ ላይ አይቶ ከነገራቸው ጀምሮ ኢናላፕሪላቸውን በጥርጣሬ እያዩት ነው፣ አንድ ጋሼ ደግሞ ቆጣ ብለው «ታዲያ ሀላል ነው ወይ ይሄ ነገር?» አሉ፣ ሌላው ከት ብሎ ሳቀ፣ እኔም ባዮሎጂ ስለምወድ ብቻ ዳኛ ተደረግኩ። እዛ የተናገርኩት ቁርጥርጥ ያለ ስለነበር ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፣ ኪኒኑ ውስጥ እባብ የለም፣ መርዝም የለም። ሀሳቡ ግን የመጣው ከእባብ ነው፣ እሱ ወሬ አይደለም። እንዴት የሚለው ነው ደስ የሚለው።

መጀመሪያ መርዙን እንየው። ብዙ ሰው የእባብ መርዝ ሲባል እንደ አሲድ የነካውን ሁሉ የሚያቃጥል አንድ ፈሳሽ ይመስለዋል። በአንድ እባብ መርዝ ውስጥ ግን ብዙ አስር፣ አንዳንዱ ላይ ከመቶ በላይ የተለያዩ ፕሮቲኖችና ፔፕታይዶች (ፔፕታይድ አጭር ፕሮቲን በሉት) አሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ ስራ አለው፣ አንዱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ አንዱ ነርቭ ያስቆማል፣ አንዱ ስጋ ያበሰብሳል። እባብ ደግሞ እጅ የለው እግር የለው፣ የነደፋት አይጥ ሮጣ ጉድጓድ ከገባች እራቱ ቀረ ማለት ነው፣ ስለዚህ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት ውስጥ ተጣርቶ የቀረው መርዝ በትንሽ ጠብታ ቶሎ የሚያስቆም መርዝ ነው። በትንሽ ጠብታ እንዴት? ይሄ ደሴና ኮምቦልቻ ለምንመላለስ ሰዎች ለመረዳት አይከብድም። መንገዱን መዝጋት የፈለገ ሰው ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን አስፋልት በሙሉ መቆፈር አይጠበቅበትም፣ ሐረጎ ላይ አንዷ ጠባብ ኩርባ ጋ አንድ ተሳቢ ጋደም ካለ በቃ፣ ላዩም ታቹም ቆመ። ሰውነታችንም እንደዛ ጠባብ ቦታዎች አሉት፣ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት፣ ደም የሚረጋበት፣ የደም ስር የሚጠብና የሚሰፋበት ቦታ። መርዝ የሚመታው እነሱን መርጦ ነው።

ለሳይንቲስቶቹ ወርቅ የሆነባቸውም ይሄ ነው። የሰው አካል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፣ የትኛው ቢነካ ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ልፈትሽ ብትል እድሜህ አይበቃም። መርዙ ግን «እዚህ ጋ ነው» ብሎ ጠቁሞሃል። ከዛ በኋላ ያለው ስራ የተጠቆመውን ቦታ ማጥናት፣ ከተቻለም ያንኑ ቦታ በልኩ የሚነካ መድሀኒት መስራት ነው።

ወደ ግፊቱ ልመለስ፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ብራዚል ውስጥ ጃራራካ የሚባል እፉኝት አለ፣ የነደፈው ሰው ግፊቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በ1948 ማውሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የዚህን እባብ መርዝ ውሻ ላይ ሲሞክር ደሙ ውስጥ የደም ስር የሚያሰፋ አዲስ ነገር አገኘ፣ ብራዲካይኒን አሉት። ልብ በሉ፣ ብራዲካይኒን የእባቡ አይደለም፣ የራሳችን ሰውነት የሚሰራው ነው፣ መርዙ ያደረገው እንዲለቀቅ ማድረግ ነው። ብራዲካይኒን ግን ወዲያው ተሰባብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። ታዲያ ለምንድነው መርዙ ሲኖር የሚቆየው? ይሄን የፈታው የሮሻ ኢ ሲልቫ ተማሪ የነበረው ሰርጂዮ ፌሬራ ነው፣ በ1965 መርዙ ውስጥ ብራዲካይኒንን ከመሰባበር የሚጠብቁ ፔፕታይዶች እንዳሉ አሳየ። እባቡ ሁለት እጅ አለው ማለት ነው፣ በአንዱ ግፊት የሚያወርደውን ነገር ያስለቅቃል በሌላው ደግሞ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል። ኧረ ተንኮል!

ፌሬራ ያገኘውን ይዞ እንግሊዝ ሄደ፣ ጆን ቬን ላብራቶሪ፣ እዛ ደግሞ ነገሩ ከሌላ ትልቅ ነገር ጋር ተገጣጠመ። ሰውነታችን ውስጥ ኤሲኢ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ስራው አንጂዮቴንሲን የሚባለውን ወደ ሀይለኛው አይነት መቀየር ነው፣ ያ ሀይለኛው የደም ስር ያጠባል ግፊት ይጨምራል። ያው ኢንዛይም ደግሞ ብራዲካይኒንን የሚሰባብረው ነው። ስለዚህ የእባቡ ፔፕታይድ ይሄን አንድ ኢንዛይም ሲይዘው ግፊት የሚጨምረው ይቀንሳል፣ ግፊት የሚያወርደው ይቆያል፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ፔፕታይዱን እንዳለ ለሰው መስጠት ግን አልሆነም፣ ቴፕሮታይድ ብለው ሰርተውት ግፊት አውርዷል፣ ችግሩ በመርፌ ካልሆነ አይሰራም፣ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ስጋ ይፈጩታል። ለግፊት ደግሞ ማን እድሜ ልኩን በየቀኑ መርፌ ይወጋል። ከዛ ስኩዊብ የሚባለው የአሜሪካ መድሀኒት ፋብሪካ ውስጥ ዴቪድ ከሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ ፔፕታይዱ ኢንዛይሙን የቱ ጋ እንደሚይዘው አጥንተው እሷን ቦታ ብቻ የምትይዝ ትንሽዬ ኬሚካል ከባዶ ነድፈው ሰሩ፣ ካፕቶፕሪል ይቺ ናት፣ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደች። የኛ እትዬ የሚውጡት ኢናላፕሪል የካፕቶፕሪል ታናሽ ወንድም ነው፣ በሌላ ፋብሪካ ተሻሽሎ በ1985 ተፈቀደ። ሁለቱም ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል ነው የሚሰሩት፣ የአንዲት እባብ ጠብታ አይገባባቸውም። ለጋሼም ያልኳቸው ይሄንኑ ነው፣ ፈትዋ መስጠት የኔ ስራ አይደለም፣ ሼኹን ጠይቁ፣ ስትጠይቁ ግን ኪኒኑ ውስጥ ከእንስሳው የመጣ መርዝ እንደሌለ ንገሯቸው። (የካፕሱል ሽፋን ጄላቲን ጥያቄ ሌላ ነው፣ ኢናላፕሪል ግን በብዛት ታብሌት ነው።)

አሁን አንድ ጠቃሚ ነገር። ኢናላፕሪል ከጀመራችሁ በኋላ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር፣ ሌሊት ሌሊት የሚብስ ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። የምትጠረጠረው ያችው ብራዲካይኒን ናት፣ ኢንዛይሙ ስለተያዘ ሳትሰባበር ሳንባ አካባቢ ትከማችና ሳል ትቀሰቅሳለች። ሁሉም ሰው ላይ አይመጣም፣ ግን የተለመደ ነው፣ ስንቱ ለዚህ ሳል ማርና ዝንጅብል ሲጠጣ፣ ሽሮፕ ሲገዛ ይከርማል። መፍትሄው ኪኒኑን በራስ ማቆም ሳይሆን ለሀኪም መንገር ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደ ሎሳርታን ወዳለው ይቀየራል፣ እሱ ኢንዛይሙን ስለማይነካ ሳሉን እምብዛም አያመጣም። ከንፈር፣ ምላስ ወይ ፊት ካበጠ ግን ነገ ዛሬ የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል። እርጉዝ የሆነች ወይ ለማርገዝ ያሰበች ሴትም እነዚህን ኪኒኖች እየወሰደች ከሆነ ቶሎ ለሀኪሟ ትንገር፣ ጽንሱን ይጎዳሉ።

ሰው የማያወራለት ግን እኔን ከመድሀኒቱ በላይ የሚያስገርመኝ መርዝ ላብራቶሪ ውስጥ እንደ እቃ ማገልገሉ ነው። ታይዋን ውስጥ ክሬይት የሚባል ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለበት እባብ አለ፣ የነደፈው ሰው ጡንቻው አልታዘዝ ይለዋል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅተዋል። እዛው አገር በ1963 መርዙ ውስጥ ያለውን ዋናውን ነገር ነጥለው አወጡት፣ ቡንጋሮቶክሲን ይባላል። ይሄ ነገር ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን ተቀባይ ላይ ይለጠፍና አይለቅም፣ ሙጭጭ ነው። ያኔ ተመራማሪዎች ነርቭ በኬሚካል መልእክት እንደሚልክ ያውቃሉ፣ መልእክቱን የሚቀበለውን ፕሮቲን ግን ነጥሎ በእጁ የያዘ የለም። መርዙ ስለማይለቅ እሱን ተከትለው ሄደው ተቀባዩን ከኤሌክትሪክ አሳ አውጥተው ያዙት፣ 1970 አካባቢ ነው።

ከዛ በ1973 አሜሪካ ውስጥ ጂም ፓትሪክና ጆን ሊንድስትሮም ያንን ተቀባይ ጥንቸሎች ላይ ወጉት፣ ሀሳባቸው ጥንቸሎቹ ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርቱላቸው ብቻ ነበር። ጥንቸሎቹ ግን ዛሉ፣ አንገታቸው ወደቀ፣ ሽባ መሰሉ። ይሄ ልክ ሚያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለውን የሰው በሽታ ይመስላል፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ወደ ማታ የአይን ቆብ የሚወድቅበት፣ ማኘክና መዋጥ የሚያቅትበት በሽታ፣ እኛ ሰፈር ቢሆን ዓይነ ጥላ ነው ቡዳ ነው ተብሎ ስንት ቦታ የሚዞርበት። በዚህ የተነሳ በሽታው የሰውነት መከላከያ የራሱን ተቀባይ ማጥቃቱ እንደሆነ ተረጋገጠ። ዛሬም በሽታውን በደም ምርመራ ለማረጋገጥ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ዘዴ የዛን እባብ ቡንጋሮቶክሲን ምልክት ተደርጎበት የሚጠቀም ነው። በሽታው ደግሞ መድሀኒት አለው እኮ፣ ቡዳ እየተባለ መጎተቱ ነው የሚያናድደኝ።

ሌላዋ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናት፣ ጣሊያናዊት። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከስታንሊ ኮኸን ጋር ሆና ነርቭ የሚያሳድግ ነገር የአይጥ የካንሰር እጢ ውስጥ አግኝተው ምን እንደሆነ እየፈለጉ ነበር። ኮኸን ናሙናው ውስጥ ያለውን ኒውክሊክ አሲድ ለመሰባበር ብሎ የእባብ መርዝ ጨመረበት፣ መርዙ ያንን የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለው ነው። የጠበቁት የነርቭ እድገቱ እንዲቆም ወይ እንደነበረ እንዲቀጥል ነው፣ የሆነው ግን ነርቮቹ እንደ ጸሀይ ጨረር ዙሪያውን ፈነዱ፣ ለካ መርዙ ራሱ ያንኑ የሚፈልጉትን ነገር ከካንሰር እጢው በላይ በብዛት ይዞት ነበር። የእባብ መርዝ ከረጢት የተለወጠ የምራቅ እጢ ስለሆነ ቀጥለው የአይጥ ምራቅ እጢ ፈተሹ፣ እዛም ሞልቷል። በ1986 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ሸረሪትም አለችበት። ቃሪያና በርበሬ አፋችንን የሚያቃጥሉበት የነርቭ በር ቲአርፒቪ1 ይባላል፣ እሳት ሲነካንም የሚከፈተው እሱ ነው (ለዛ ነው ሚጥሚጣ «ያቃጥላል» የሚያሰኘው፣ ነርቩ ከእሳት አይለየውም)። ዴቪድ ጁሊየስ በዚህ ስራ የ2021ን ኖቤል ተጋርቷል። በሩ ተከፍቶ ምን እንደሚመስል ፎቶ ለማንሳት ግን ተከፍቶ መቆየት ነበረበት፣ ለዛ የተጠቀሙት የአንዲት ትልቅ ሸረሪት መርዝ ነው፣ በሩን ከፍቶ ይዞ ያቆይላቸዋል፣ በ2013 ምስሉ ወጣ። ለህመም ማስታገሻ የሚሰሩ ሰዎች ዛሬ ያንን ምስል ፊታቸው አስቀምጠው ነው የሚሰሩት።

መድሀኒት ከሆኑት ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የስኳር መርፌው ኤግዜናታይድ፣ ጊላ ከሚባል የአሜሪካና የሜክሲኮ በረሀ መርዛማ እንሽላሊት ነው፣ ጆን ኤንግ የሚባል ሀኪም መርዙ ውስጥ አገኘው፣ በ2005 ተፈቀደ። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ የሚያዝ ጂኤልፒ 1 የሚባል ሆርሞን አለን፣ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ የእንሽላሊቱ ተመሳሳይ ግን ለሰዓታት ይቆያል። አሁን ሰው ለመክሳት የሚሻማበት ኦዜምፒክ ከእንሽላሊት የመጣ አይደለም፣ የሰውን ሆርሞን አስተካክለው ነው የሰሩት፣ መንገዱ እንደሚያዋጣ መጀመሪያ በገበያ ላይ ያሳየው ግን የእንሽላሊቱ ነው። ኮን የሚባል ያማረ ዛጎል ያለው የባህር ቀንድ አውጣ ደግሞ አሳ በመርዝ ወግቶ የሚበላ ነው፣ ከሱ ዚኮኖታይድ የሚባል የህመም መድሀኒት ወጥቶ በ2004 ተፈቅዷል፣ እንደ ሞርፊን ሱስ አያሲዝም፣ ግን የሚሰጠው በፓምፕ ቀጥታ አከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ለብዙ ሰው የሚሆን አይደለም። ለልብ ህመምተኛ ደም እንዳይረጋ ሆስፒታል ውስጥ በደም ስር የሚሰጡት ኤፕቲፊባታይድና ቲሮፊባን ሁለቱም በ1998 የተፈቀዱ ናቸው፣ የመጀመሪያው ከአንድ ትንሽ የአሜሪካ እባብ፣ ሁለተኛው ኤኪስ ከሚባለው እፉኝት መርዝ በተወሰደ ሀሳብ። የኤኪስ ዘመዶች እኛም ቆላ አሉ፣ ወደነሱ እመለሳለሁ።

ሁሉም ግን አይሳካም፣ ይሄንን ዩቱበሮቹ አይነግሯችሁም። አንክሮድ የሚባል ከእስያ እባብ የወጣ ነገር ለስትሮክ ተስፋ ተጥሎበት ትልልቅ ሙከራ ላይ ጥቅሙ ሳይረጋገጥ ቀረ። ከጊንጥ መርዝ የወጣው ክሎሮቶክሲን የአንጎል እጢ ላይ ተለጥፎ እንዲያበራና ቀዶ ሀኪሙ ጤነኛውን ከታመመው እንዲለይ ታስቧል፣ ሀሳቡ ያምራል፣ ግን ገና ሙከራ ላይ ነው። ስለዚህ ኦንላይን «የጊንጥ መርዝ ካንሰር ያድናል» ብሎ ብልቃጥ የሚሸጥ ካያችሁ ሌባ ነው፣ በቃ። የንብ መርዝም እንደዛው፣ ለንብ ንድፊያ አለርጂ ላለበት ሰው ሀኪም ቤት በጥንቃቄ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ህክምና አለ፣ ቤት ውስጥ ንብ እየያዙ ጉልበት ላይ ማስነደፍ ግን አለርጂ ያለበትን ሰው በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ወደ ቆላችን። ደሴ ብርድ ነው፣ እባብ ብዙም አያሳስበንም፣ ከኮምቦልቻ ወርዳችሁ ወደ ጨፋና ከሚሴ ወይ ወደ ባቲ ስትሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በባዶ እግሩ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ማሽላ የሚያጭድ ገበሬ። የአለም ጤና ድርጅት በአለም በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ ይሞታል ይላል፣ በ2017ም ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሀሳቡ ከእባብ የመጣው የግፊት ኪኒን በየፋርማሲው በርካሽ ሲገኝ ለተነደፈው ሰው የሚሆነው ማርከሻ ግን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም።

ማርከሻው እስከዛሬ የሚሰራበት መንገድ ከ1890ዎቹ ጀምሮ መሰረቱ አልተቀየረም፣ መርዙን በትንሽ በትንሹ ፈረስ ላይ እየወጉ ፈረሱ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ከደሙ ማጥራት ነው። ለአንዱ እባብ የተሰራው ለሌላው ላይሰራ ይችላል፣ የህንድ እባብ ማርከሻ አፍሪካ መጥቶ ሰው ሳያድን የቀረበት ጊዜ አለ። የኤኪስ መርዝ የደም ማርጊያውን ጨርሶ ስለሚያሟጥጠው የተነደፈ ሰው ድዱ ሊደማ፣ ሽንቱ ሊቀላ ይችላል፣ ጤና ጣቢያ ላይ ትንሽ ደም ንጹህ ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጎ 20 ደቂቃ ሳይነኩ አቆይቶ ረግቷል አልረጋም ብሎ ማየት ይቻላል፣ ማሽን አያስፈልገውም። ከተነደፈ ሰው ጋር ካላችሁ ደግሞ፣ በምላጭ መብጣት የለም፣ በአፍ መምጠጥ የለም፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም የለም፣ ቀለበትና ጫማ ቶሎ አውልቁ (ያብጣል)፣ የተነደፈውን እግር ወይ እጅ እንደ ስብራት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ሰውየውን አረጋጉና በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እባቡን ገድሎ መያዝ አያስፈልግም፣ በርቀት ፎቶ ከተቻለ ጥሩ፣ ካልተቻለ ተዉት።

አዲስ ነገርም አለ። በ2025 አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ራሱን በእባብ ካስነደፈ አንድ ሰው ደም የተወሰዱ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ቫሬስፕላዲብ ከሚባል ኬሚካል ጋር ተቀላቅለው አይጦች ላይ ተሞከሩ፣ ከ19 አይነት እባቦች መርዝ 13ቱን ሙሉ በሙሉ የቀሩትን በከፊል ተከላክለዋል። ፈረስ የለበትም፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ማርከሻ ለመስራት ነው። ችግሩ 19ኙም የእነ ኮብራና የእነ ማምባ ወገን ናቸው፣ ኤኪስና የኛ ቆላ እፉኝቶች የሌላ ወገን ስለሆኑ ይሄኛው አይመለከታቸውም፣ ለነሱ የሚሆነው ለብቻው ገና እየተሰራ ነው።